ካሜራው ማንን ይከተላል? «ዲስ ኢዝ አሜሪካ» እና የተገደሉት ዘማሪዎች

እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2018 ቻይልዲሽ ጋምቢኖ በሚል ስም የሚታወቀው ዶናልድ ግሎቨር «ዲስ ኢዝ አሜሪካ» የተሰኘውን የራፕ ሥራውን ከነቪዲዮው አወጣ። የቪዲዮው ዳይሬክተር ሂሮ ሙራይ ሲሆን ቀረጻውን የመራው ላርኪን ሳይፕል ነው። በዓመቱ ሥራው አራት የግራሚ ሽልማቶችን አገኘ፤ አንዱ የተሰጠው ለቪዲዮው ነበር። ይህን ቪዲዮ በዚህ መጽሔት ላይ የማነሣው በመካከሉ አንድ የመዘምራን ቡድን ስለሚገደል ነው።

አስቀድሞ አንድ እንቅፋት ማንሣት ይገባል። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት እንዲህ ያለው ሥራ «ዘፈን ነው» ተብሎ ውይይቱ እዚያው ይዘጋል። በ1954ቱ ትርጉም ገላትያ 5፥21 «ዘፋኝነት»ን ከሥጋ ሥራዎች መካከል ስለሚቆጥር፣ ቃሉ ለብዙዎቻችን ጉዳዩን የጨረሰ ይመስላል። በግሪኩ ያለው «ኮሞይ» ግን የስካርና የልቅነት ፈንጠዝያን የሚያመለክት ነው እንጂ ስለ ዜማ ወይም ስለ ግጥም የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ቪዲዮውን በጉባኤ እናሳይ አልልም፤ ግድያው ዘግናኝ ነው። ነገር ግን ወጣቶቻችን የሚያዩትን ሳያይ የሚመክር መጋቢ ምክሩ አየር ላይ ይቀራል።

ታሪኩ የሚፈጸመው በአንድ ሰፊ ባዶ መጋዘን ውስጥ ነው። አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጊታር ይመታል። ጋምቢኖ እየጨፈረ ይቀርባል፤ ጭንቅላቱ በጨርቅ የተሸፈነውን ያንን ሰው ከኋላው በሽጉጥ ይገድለዋል። ሲተኩስ የሚቆምበት ሁኔታ፣ ነጮች ጥቁሮችን ይሣለቁበት የነበረውን የ«ጂም ክሮው»ን የድሮ ሥዕል ለብዙዎች አስታውሷል። ሽጉጡን አንድ ልጅ በቀይ ጨርቅ በክብር ይቀበለዋል፤ ሬሳው ግን መሬት ለመሬት ይጎተታል። ቪዲዮው ለመሣሪያና ለሰው የሚሰጠውን ዋጋ ያለ አንድ ቃል የሚናገረው በዚህ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የካሜራው ጠባይ ነው። ትዕይንቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ የተቆረጡበት ቦታም በቀላሉ አይታይም። ካሜራው ወደ ሟቹ ፊት አይጠጋም፤ ጨፋሪውን ተከትሎ ይሄዳል። የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች ከእርሱ ጋር ሲጨፍሩ፣ በስተጀርባ ሰዎች ይሮጣሉ፣ መኪና ይቃጠላል፣ ፊቱ የተሸፈነ ሰው በነጭ ፈረስ ያልፋል። ብዙዎች በፈረሱ የራእይ 6፥8ን ሐመር ፈረስ አይተዋል፤ ነጩ ፈረስ ግን በዚያው ምዕራፍ በቁጥር 2 ያለው ነው። ጥቅስ ለማግኘት ከመቸኮላችን በፊት የሚታየውን እናስተውል፤ ፈረሰኛው ሲያልፍ በመጋዘኑ ውስጥ ቀና ብሎ የሚያየው የለም።

ከዚያ መዘምራኑ ይመጣሉ። ካባ የለበሱ አሥር ሰዎች በደስታ ይዘምራሉ። ጋምቢኖ በበር ገብቶ አብሯቸው ይወዛወዛል፤ ጠመንጃ ይወረወርለታል፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ይጥላቸዋል። ካሜራው አሁንም አይቆምም። መጀመሪያ ሳየው ደነገጥሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ዓይኔ ወደ ጭፈራው ተመልሶ ነበር። ደግሜ ሳየው ያሳፈረኝ ይህ ነው። በሉቃስ 10 ካህኑና ሌዋዊው የወደቀውን ሰው አይተውት ነበር። የተፈረደባቸው አይተው በማለፋቸው ነው። ቪዲዮው ተመልካቹን በዚያ መንገድ ላይ ያቆመዋል፤ ጥበቡም እዚህ ላይ ነው።

ድክመቱም ያለው እዚሁ ነው። ትዕይንቱን ያዩ ብዙዎች ያስታወሱት በሳውዝ ካሮላይና ግዛት በቻርልስተን ከተማ የሆነውን ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2015 በአማኑኤል የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን፣ መጋቢውን ክሌመንታ ፒንክኒን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎች በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ተገደሉ። የሚያጠኑት በማርቆስ 4 ያለውን የዘሪውን ምሳሌ ነበር። ገዳዩ የነጭ የበላይነትን የሚያምን ወጣት ነው፤ እንደ እንግዳ ተቀብለውት አብሯቸው ተቀምጦ ነበር። በቀናት ውስጥ ከሟቾቹ ቤተ ሰቦች አንዳንዶቹ በፍርድ ቤት ይቅር እንዳሉት ነገሩት።

በቪዲዮው ተኳሹ ጥቁር ነው። ጋምቢኖ አሜሪካን ራሷን ወክሎ ይጫወታል የሚለውን ትርጓሜ እቀበላለሁ። ቢሆንም የቻርልስተኑን ግድያ ያመጣው የዘር ጥላቻ ከዓይን ይሰወራል። መዘምራኑም ስም የላቸውም፤ ሥራቸው መዘመርና መሞት ብቻ ነው። እውነተኞቹ ምእመናን ግን ቃሉን ያጠኑ፣ እንግዳ የተቀበሉ ነበሩ። ቪዲዮው የሚያለቅስ ሰው እንደሌለ ያሳየናል እንጂ ማልቀስን አያስተምረንም። የሞቱትን በስማቸው ጠርቶ ማልቀስ የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ነው።

ጉዳዩ ሩቅ የሚመስለው ካለ፣ በአሜሪካ ባሉ የአማርኛ ጉባኤዎች ያደጉትን ልጆች ያስብ። ጥቁር ቆዳቸውን አይቶ የሚፈራቸው ሰው ወላጆቻቸው ከየት እንደ መጡ አይጠይቅም። በቪዲዮው መጨረሻ ጋምቢኖ በጨለማ ዓይኑን አፍጥጦ ከአሳዳጆቹ ይሸሻል። ያን ፍርሃት የሚያውቅ ልጅ በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከዘፈን እንዲርቅ ነግረነው ስለ ፍርሃቱ ካልጠየቅነው፣ እኛም አይተን አልፈናል።

የራሳችንም ካሜራዎች አሉ። የአምልኮ ፕሮግራሞቻችን ሲቀረጹ መብራቱም ካሜራው ዘማሪውን ይከተላሉ፤ በኋለኛው ወንበር ኀዘን የደረሰባት እናት ከፍሬሙ ውጭ ትቀራለች። ካሜራው ዘማሪውን ቢከተል በደል አይደለም። የእረኛ ዓይን ግን ካሜራው የሚያልፈውን ማየት አለበት። እንግዲህ ይህን ቪዲዮ ያየ ወጣት ወደ ቢሮዎ ቢመጣ፣ «ለምን አየኸው?» ከማለትዎ በፊት «ከጨፋሪው ኋላ ማንን አየህ?» ብለው ይጠይቁት።