ያላረጀ አሮጌ

እኔ የምለው… ይቺ «ድሮ ቀረ» የምትባል ነገር መቼ ይሆን ጡረታ የምትወጣው? ዘፈን ሲነሳ «ድሮ ቀረ!» ፊልም ሲነሳ «ድሮ ቀረ!» ጠጁ፣ ጎረቤቱ፣ እድሩ፣ ቲማቲሙ ሳይቀር… ሁሉም ድሮ ቀርቷል። የሚገርመው ደግሞ እንዲህ የሚሉት ሽማግሌዎች ብቻ አለመሆናቸው ነው። ገና አርባ ያልሞላው ሁሉ «በእኛ ጊዜ…» እያለ ጉሮሮውን መጠራረግ ጀምሯል። ጎበዝ፣ አርባ ሳይሞላ ምን «በእኛ ጊዜ» አለ!

እናላችሁ… የዛሬው ወጌ ከእነዚህ «በእኛ ጊዜ» ባዮች ስለ አንዱ ወዳጄ ነው። ስሙን ተዉት። ደመወዝ የሚበላው ቢሮ ተቀምጦ ነው፤ ነፍሱ ያለችው ግን አሮጌ የቪዲዮ ጌም ላይ ነው። አንዳንዱ ሰው ቴምብር ይሰበስባል፤ አንዳንዱ የጥንት ሳንቲም። እሱ የሚሰበስበው ቴሌቪዥን ላይ እየተሰኩ የሚሠሩ የድሮ ማጫወቻዎችንና ካሴቶቻቸውን ነው። ግማሹን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ገብቶ ሲፈለፍል ውሎ ያመጣዋል። ግማሹን ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ያስጭነዋል። ሰው ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመዱ «ጫማ አምጣልኝ» ይላል፤ የእኛ ሰው «የ1980ዎቹ ጆይስቲክ» ብሎ ያዝዛል።

ከጌሙ ጎን የዘፈን ካሴቶች አሉት። ከዘፈኑ ጎን የቪዲዮ ካሴቶች አሉት። ሦስቱም አንዲት ጠባብ የኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ ተፋፍገው ይኖራሉ። እንግዲህ የአንድ ሰው ምርጫ በጌም፣ በሙዚቃና በፊልም ምን እንደሚመስል ለመመርመር እንደዚያ ክፍል የሚመች ቦታ የለም። የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህ ሰው የሚወደው ጥሩ ሥራን ነው ወይስ የገዛ ልጅነቱን? ሁለቱ አንድ አይደሉማ!

በጌሙ እንጀምር። እዚህ ላይ እጅ እነሳለታለሁ። መደርደሪያው ላይ የክብር ቦታ የያዘው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ነው፤ ሺጌሩ ሚያሞቶ ለጃፓኑ ኒንቴንዶ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው። ይህ ጌም መንገዱም፣ ጠላቱም፣ ዘፈኑም ተደማምሮ 40 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት የምሳ ፎቶ ከዚህ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ቦታ ሲጠባቸው ሰዎቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ነው። ነጭ ሲቀቡት ደመና፣ አረንጓዴ ሲቀቡት ቁጥቋጦ! ስንቱ ሲጫወተው ኖሮ ልብ ሳይለው ቀርቷል።

ሙዚቃውን የሠራው ኮጂ ኮንዶም ቢሆን ያ ማጫወቻ በአንድ ጊዜ የሚያወጣለት ሦስት ዜማ ያዥ ድምፅ፣ አንድ «ሽሽሽ» የሚል ጫጫታና ትንሽ የተቀዳ ድምፅ ብቻ ነበር። በዚህችው ሰው ከ40 ዓመት በኋላም የሚያፏጨውን ዜማ ሠራ። ይሄ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አዝማሪ በአንዲት የፈረስ ጭራ ቤቱን ሙሉ ሲያስቅና ሲያስተክዝ ያመሽ የለም እንዴ! «ውይ፣ ማሲንቆ ጭራው አንድ ብቻ ነው» ብሎ ያዘነለት ሰው ሰምቼ አላውቅም። ወዳጄ ይሄ በደንብ ገብቶታል። «ምን እንደጎደለው አትጠይቀኝ፤ በያዘው ምን እንደሠራበት ጠይቀኝ» ይላል። ይህቺ የሃያሲ ንግግር ናት።

ቴትሪስም ያው ነው። አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ላይ ሠራው። ሰባት ዓይነት ቅርጽ ከላይ ይወርዳል፤ አንተ እያዟዟርክ ትደረድራለህ፤ በቃ። ታሪክ የለው፣ ጀግና የለው። ብዙዎቻችን የተዋወቅነው «ብሪክ ጌም» በምትባለው ባለ ድንጋይ ባትሪ መጫወቻ ነው። ስንቱ ተማሪ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ጡቡን ሲደረድር አንግቷል!

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው አትሉም? ችግሩ ከማሪዮ ጎን፣ በዚያው የክብር ቦታ፣ «ኢ.ቲ.» መቀመጡ ነው። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አታሪ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1982 ሲደምቅለት ጊዜ ጌሙን ለገና ገበያ ላድርስ ብሎ በአምስት ሳምንት ገደማ አሠራው። የጥድፊያ ሥራ! ተጫዋቹ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል፣ ይወጣል፣ ተመልሶ ይወድቃል። በመጨረሻ ጌሙ ራሱ ጉድጓድ ገባ። ሳይሸጡ ከቀሩት ካሴቶች የተወሰኑት እ.ኤ.አ. በ1983 ኒው ሜክሲኮ፣ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ የቆሻሻ መጣያ ተቀበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ተቆፍረው ሲወጡ ዓለም እንደ ጥንት መቃብር ተሰብስቦ አያቸው።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» አልኩት።

«ታሪክ ነዋ!»

«ታሪክነቱን ማን ካደ። ጥሩ ነው ወይ ነው የምልህ።»

«የድሮ እኮ ነው!»

በሽታው ይሄ ነው። አሮጌነት ዕድሜ ነው እንጂ ሙያ አይደለም። ሰባ ዓመት የሞላው ሁሉ ሽማግሌ ተብሎ ለእርቅ እንደማይጠራ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው ጌም ሁሉም «ክላሲክ» አይባልም። ደግሞ እኮ የኢ.ቲ.ን ካሴት የሚያጫውተው አታሪ ራሱ የለውም! የማይሰካ ካሴት፣ የማይጣፍጥ ጌም፣ የክብር ወንበር ላይ…

በአንድ ነገር ግን ከብዙ ሰብሳቢ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 አሜሪካ ውስጥ አንድ «ሱፐር ማሪዮ 64» በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። በሚሊዮን የታተመ ጌም ነው እኮ! ይሄኛው ምን ቢኖረው ነው? ማሸጊያው ስላልተከፈተ! እኛም ዘንድ ሶፋውን ከነላስቲኩ ሃያ ዓመት የሚያስቀምጥ ሰው ስለማይጠፋ ነገሩ ብዙም አይገርመን ይሆናል። ግን ያልተጫወቱት ጌም ያልተቀመጡበት ሶፋ ነው። ወዳጄ እዚህ ላይ ጨዋ ነው፤ ያለውን ሁሉ ይጫወታል፣ ሰው ሲመጣም ያጫውታል።

ወደ ሙዚቃው ስንመጣ ክርክራችን ይከርራል። እንደ እሱ አባባል የኢትዮጵያ ዘፈን በ1967 ዓ.ም. አካባቢ በሩን ዘግቶ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ያለው ጩኸት ነው። ለምን ሲሉት የዘመኑን ታላላቆች ስም እየጠራ እንደ ዳዊት ይደግምልሃል። ልክ ነው፤ ታላላቆች ነበሩ። ግን በዚያ ዘመን ቀሽም ዘፈን አልነበረም ወይ? ነበረ እንጂ! ጊዜ ወንፊት ነው፤ ገለባውን አራግፎ ፍሬውን አቆየልን። እኛ ደግሞ የትናንቱን የተነፋ ፍሬ ይዘን የዛሬውን ገና ያልተነፋ እህል «ይኸው ገለባ ነው!» እንላለን። ሚዛኑ ልክ አይደለም።

ደግሞስ ያ «ድሮ» የምንለው ያኔ ማን ነበር? «የዛሬ ልጆች» ነበር። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ግድም አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ገና ወጣት ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ ነው ደፍሮ የገባበት። «በእኛ ጊዜ» እያለ ቢቀመጥ ኖሮ ወዳጄ ዛሬ የሚያመልካቸው ሸክላዎች ባልኖሩ። ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎኑን ከአገራችን ቅኝት ጋር ሲያጋባው የሠራው አዲስ ነገር እንጂ የድሮ ነገር አልነበረም።

አሁን ደግሞ ይህን አስቡት። ጂም ጃርሙሽ የሚባለው አሜሪካዊ ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የተሰኘ ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሙዚቃ ተጠቀመበት። ፊልሙን ያየው የውጭ ሰው ስለ አዲስ አበባ ምሽት ምንም ትዝታ የለውም። ሙዚቃው ግን ያዘው። ለእኔ ዋናው ፈተና ይሄ ነው። ትዝታ የሌለውን ሰው የሚይዝ ሥራ፣ እሱ ነው ያላረጀ አሮጌ።

በዚህ ፈተና ወደ ፊልሞቹ ስንሄድ ነገር ይበላሻል። የወዳጄ የፊልም መደርደሪያ የጌሙ የአጎት ልጅ ነው። ቫን ዳም በ1988 በ«ብለድስፖርት» ተደባደበ፤ ያንን ያዩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1992 «ሞርታል ኮምባት» ጌም ውስጥ ጆኒ ኬጅ የሚባል ገጸ ባሕርይ በእሱ አምሳል ቀረጹ። ቫን ዳም መልሶ በ1994 ከጌም የተሠራው «ስትሪት ፋይተር» ፊልም ላይ ተወነ። ፊልም ጌምን ይወልዳል፤ ጌም ፊልምን ይወልዳል። ዝምድናው ደስ ይላል። ግን ልጆቹ ሁሉ መልከ መልካም አይደሉም። ወዳጄ በ1993 የወጣውን የማሪዮ ፊልም ሳይቀር «ድንቅ ነው!» ብሎ ይሟገትልኛል። ያ ፊልም ሲወጣም ተመልካች የራቀው ነበር።

ፊልሙን ተርክልኝ ስለው ምን ተረከልኝ መሰላችሁ? የሰፈሩን ቪዲዮ ቤት! አግዳሚ ወንበሩን፣ በጋዜጣ የተሸፈነውን መስኮት፣ ቆሎ እየቆረጠመ «አሁን ይነሳል፣ አሁን ይነሳል» የሚለውን ተመልካች፣ እንግሊዝኛ ሳይችል የሚያስተረጉመውን ጎረምሳ… ወርቅ የሆነ ትረካ! ፊልሙ ግን ውስጡ የለም። እሱ የሚወደው ፊልሙን ሳይሆን አግዳሚውን ነው። አግዳሚውን መውደድ ነውር የለውም፤ አግዳሚውን ወዶ ፊልሙን ማድነቅ ግን የሂሳብ ስህተት ነው።

ፈተናውን ሳላስበው አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሠራችልኝ፤ የእህቱ ልጅ ናት። አንድ ቅዳሜ ሦስቱንም መደርደሪያ ስታምስ ዋለች። ብሪክ ጌሙን ይዛ «አጎቴ፣ አንዴ ብቻ! አንዴ ብቻ!» ስትል ምሳ ቀዘቀዘ። ማሪዮም ላይ እንዲሁ። የብሩስ ሊን «ኢንተር ዘ ድራጎን»፣ ያውም የ1973ቱን፣ ሳታቋርጥ አየችው። የማሪዮ ፊልም ላይ ግን ገና በሩብ ሰዓቱ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ይህቺ ልጅ «ድሮ ቀረ» አላለች፣ «ድሮ ፋራ» አላለች። የሚሠራውን ከማይሠራው ለየች፤ አለቀ። እሷን ያየ ሰው «የዛሬ ልጅ ጥሩ ነገር አያውቅም» ለማለት ምላሱ አይታዘዝለትም።

ይህ ሁሉ የሰው ጌም ላይ መፍረድ ብቻ ቢሆን ባላደከምኳችሁ ነበር። ነገሩ የከበደኝ አልጋው ሥር ያለውን ካርቶን ሳይ ነው። የጃፓኖቹ ካሴቶች በጥጥና በአልኮል እየተወለወሉ፣ በየዓመተ ምሕረታቸው ተደርድረው ሲኖሩ የአማርኛዎቹ ካርቶን ውስጥ ናቸው። ከነአቧራቸው። አንዳንዱ ሽፋን የለው፣ ስም የለው፣ ክሩ ተዝረክርኮ በቢክ እስክሪብቶ የሚጠቀልለው ይጠብቃል። መሐላቸው ደግሞ ዘፈን ያልሆነ አንድ ካሴት አለ። ድሮ ስልክ ውድ በነበረበት ጊዜ ቤተሰብ ውጭ አገር ላለ ልጁ ድምፁን ቀድቶ ይልክ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እናቱ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አሜሪካ ላለው ወንድሙ ቀድተውት ሳይላክ የቀረ ነው። ስንት ጊዜ ሰማኸው ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለኝ።

እንግዲህ እናስላ። ያ የ1985ቱ «ሱፐር ማሪዮ» በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። የወዳጄ ቅጂ ዛሬ ቢቃጠል ማሪዮ አይሞትም። የእናቱ ካሴት ግን አንድ ነው። እሱ ከሻገተ ድምፃቸው ከዓለም ጠፋ ማለት ነው። ነገርን የምናስቀምጠው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ጥሩ ስለሆነ፣ ወይ ሌላ ስለሌለው። «የድሮ ስለሆነ» የሚል ሦስተኛ ምክንያት የለም።

ጊዜውም አይጠብቅም። ቪኤችኤስ ማጫወቻ ሲያመርት የቀረው የመጨረሻው ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን አቁሟል። የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት ደግሞ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ገበያ ላይ እንደማይገኙ ገልጿል። ያ ሁሉ ገንዘብና ጠበቃ ያለው ኢንዱስትሪ እንዲህ ከሆነ የእኛ የሰርግ ቪዲዮ፣ የእኛ የካሴት ደብዳቤ፣ ሁለት መቶ ቅጂ ብቻ የተባዛለት የክፍለ ሀገር ዘፋኝ ምን ይውጠዋል? እሱን የሚሰበስብለት ጃፓናዊ የለም።

ለወዳጄ የምለው እንግዲህ ይህ ነው። ጌም ላይ ያለህ ዓይን ጥሩ ነው፤ ያንኑ ዓይን ወደ ፊልሙም አዙረው። ለኢ.ቲ. ከማሪዮ ራቅ ያለ ቦታ ፈልግለት፤ ታሪክነቱ እዚያም አይጠፋም። ካርቶኑን ከአልጋ ሥር አውጣ። ስማቸውን ጻፍባቸው፤ ኮምፒውተር ላይ ገልብጣቸው፤ ከእናትህ ካሴት ጀምር። ለእኛ ለሌሎቻችንም ያው ነው። ድሮን ማመስገን በነፃ ነው፤ ማቆየት ግን ጉልበት ይጠይቃል። እስቲ ዛሬ ማታ ቁም ሳጥናችሁን፣ ቡፌያችሁን፣ የአልጋችሁን ሥር ፈተሽ አድርጉ። ቆራሌው እንደሆነ ነገም በራችሁ ላይ መጥራቱ አይቀርም፤ እሱ ደግሞ ካሴት የሚገዛው ሰምቶ አይደለም።