የራውት ፋይል አንድ ብቻ ይሁን

«ጋሼ፣ ፍሬምወርኩ ራሱ ሊያገኘው የሚችለውን አድራሻ ለምንድን ነው አንድ በአንድ በእጃችን የምንጽፈው?»

ይህን የጠየቀኝ በቅርቡ ከድሬዳዋ መጥቶ ከእኛ ጋር መሥራት የጀመረ ወጣት ነው። የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። ልጁ ሥራውን የተማረው በኮድኢግናይተር ነው፤ እዚያ የኮንትሮለሩንና የፋንክሽኑን ስም አድራሻው ላይ በተርታ ከጻፍክ ገጹ ይከፈታል። ራውት የሚባል ነገር ሳታይ ሙሉ ሲስተም ሠርተህ ማስረከብ ትችላለህ። ለእሱ ሥራን ማቅለል ማለት ይህ ነው። እኔ ግን ይህን መደበቅ እንጂ ማቅለል አልለውም። በዚህ ጉዳይ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር ተከራክሬአለሁ፤ አቋሜንም አልቀየርኩም።

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ፒኤችፒ የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ውሎ አድሮ የሚሠራው ለጭነት ሥራ ነው። የአገራችን የገቢና ወጪ ንግድ አብዛኛው በዚህ ወደብ ስለሚያልፍ ደንበኞቻችን ትራንዚተሮች፣ የትራንስፖርት ማኅበራትና መጋዘኖች ናቸው። የምንጽፈው አድራሻ ቢሮ ውስጥ አይቀርም። በኪውአር ኮድ ታትሞ ከጭነት ሰነድ ጋር ይጓዛል፣ በቴሌግራም ለሾፌር ይላካል። ፒኬ 12 ወረፋ የሚጠብቀው ሾፌር፣ ጋላፊ ኬላ ላይ ያለው ሠራተኛ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚቀበለው ሰው ሁሉም ያንኑ አድራሻ ይከፍታሉ። ወረቀት ላይ የወጣ አድራሻ ደግሞ ተመልሶ አይታረምም።

አንድ ድርጅት ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ፕሮግራመሩ ኮዱን ሲያጸዳ የአንድ ክላስ ስም ከብዙ ቁጥር ወደ ነጠላ ለወጠ። ኮዱ አማረ፣ ቴስቶቹም አለፉ። አድራሻው የሚወለደው ከክላሱ ስም ስለነበር ግን መንገድ ላይ ባሉት ሰነዶች ሁሉ የታተመው ኪውአር ኮድ በዚያው ሰዓት ሞተ። ሾፌሮቹ ስልካቸውን ቢያዞሩ ቢያገላብጡ ገጹ የለም። ቲም በርነርስ ሊ አድራሻ መለወጥ እንደሌለበት የሚሞግተውን ጽሑፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ምክሩ ዛሬም ይሠራል፤ የሚሠራው ግን አድራሻውና የክላሱ ስም ሲለያዩ ብቻ ነው። ለውጪው ሰው የገባሁት ቃል አድራሻው ነው። የክላሱ ስም የቤቴ ጉዳይ ነው፤ ነገ ብለውጠው ማንም ሊያውቅብኝ አይገባም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይብሳል። በሌላ ሲስተም ላይ ሾፌሩ ጭነት ማስረከቡን የሚያረጋግጠው በቴሌግራም የተላከለትን ሊንክ በመንካት ነበር። አድራሻው በራሱ የሚፈጠር ስለሆነ ጌት ይምጣ ፖስት ግድ የለውም፣ ሁሉንም ይቀበላል። ቴሌግራም ደግሞ ሊንክ ሲላክ ቅድመ እይታ ለማሳየት ሰርቨሩ ገጹን በጌት ቀድሞ ይከፍተዋል። መኪናው ገና ፒኬ 12 ቆሞ ሳለ ዳታቤዙ «ተረክቧል» አለ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ጉግል ዌብ አክስለሬተር የሚባለው ፕሮግራም ገጽ ላይ ያሉ ሊንኮችን ቀድሞ እየከፈተ የሰዎችን መረጃ ሲያጠፋ ዓለም ተምሮበታል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ ማረጋገጫው በፖስት ብቻ ይግባ። ያኔ ወደ ማረጋገጫው አድራሻ በጌት የመጣ ሁሉ 405 ተብሎ ይመለሳል። ሾፌሩ በሌላ አድራሻ በጌት የሚያየው አንድ ቁልፍ ያለበት ገጽ ብቻ ይሆናል፤ ሥራው የሚፈጸመው ቁልፉን ሲጫን ነው።

የኮድኢግናይተር ባለቤቶችም ይህን አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 4.2 ላይ በራሱ የሚፈጠረውን ራውት ከመጀመሪያው ዝግ አድርገውታል። የተሻሻለውም ቢሆን የፋንክሽኑ ስም እንደ ጌት ወይም ፖስት ባለ ሜተድ እንዲጀምር ያስገድዳል። ለወጣቱ ይህን ሳሳየው ዝም ብሎ አነበበ፤ ቀጥሎ ስለ ሲምፎኒ ጠየቀኝ።

ሲምፎኒ የዚህ ከተማ ፍሬምወርክ ነው ብል አላጋነንኩም። ፋብየን ፖቶንሲየ የጀመረው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ከፈረንሳይ የወጣ ነው፤ ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰ የጅቡቲ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ፒኤችፒ 8 በ2020 ከወጣ ወዲህ ራውቱ ከፋንክሽኑ ራስ ላይ በአትሪቢዩት ይጻፋል። አንድ ጅቡቲያዊ ባልደረባዬ የሚሞግተኝ በዚህ ነው። «አድራሻውና ሥራው ጎን ለጎን ናቸው፤ ዝርዝሩን ከፈለግህ አንድ ትዕዛዝ ሁሉንም ያወጣልሃል» ይለኛል።

እውነቱን ነው፣ ያወጣል። ትዕዛዙ የሚያሳየኝ ግን አሁን ያለውን ነው። እኔ ማየት የምፈልገው አዲስ አድራሻ ሲጨመር ነው። አንድ ፋይል ከሆነ ማንም ሰው መስመር በጨመረ ቁጥር ኮዱን ስገመግም ዓይኔ ላይ ይወድቃል። በሠላሳ ፋይል ከተበተነ ግን ከሌላው ለውጥ ጋር ተሸሽጎ ያልፋል። ቅደም ተከተሉም አለ። «ኮንቴነር» ቀጥሎ «አዲስ» የሚለው መስመር «ኮንቴነር» ቀጥሎ ማንኛውንም ጽሑፍ ከሚቀበለው በፊት መምጣት አለበት። በአንድ ፋይል ላይ ይህ ላይና ታች ሆኖ ይታያል። በተበተነው ላይ የቅድሚያ ቁጥር እየሰጠህ በልብህ ታስታውሳለህ።

ስለ ፍጥነት የሚነሳው ክርክር ጊዜ ማባከን ነው። ኒኪታ ፖፖቭ እ.ኤ.አ. በ2014 ፋስትራውትን ሲያወጣ ብዙ ፓተርኖችን በቡድን በቡድን እያጣመረ በአንድ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን መፈለግ እንደሚቻል አሳይቷል። እኛ የምንሠራበት ስሊምም የሚጠቀመው እሱን ነው። ፋስትራውትን የምወደው ግን በሌላ ምክንያት ነው፦ ቀደም ብሎ የተጻፈ ልቅ መስመር ቋሚውን አድራሻ ከሸፈነው ዝም አይልም፣ ስህተት ብሎ ያቆምሃል።

እና ምን ይጻፍ? በአንድ መስመር ሜተዱ፣ አድራሻው፣ የሚቀበለው ክላስና የራውቱ ስም። ከዚያ ሌላ ምንም። ቅድመ ሁኔታ የለም፣ ሉፕ የለም፣ የዳታቤዝ ጥያቄ የለም። የላራቬልን ሪሶርስም አልጠቀምበትም፤ ሁለት አድራሻ ለሚበቃው ሥራ ሰባት ይከፍትልሃል። ራውት እንደ ወደብ በር ጥበቃ ነው፤ የሰነዱን ቅርጽ አይቶ ያሳልፋል ወይም ይመልሳል፣ ኮንቴነሩን ከፍቶ አይፈትሽም። የኮንቴነር ቁጥር በአይኤስኦ 6346 መሠረት አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ ነው። ራውቱ ይህን ቅርጽ ይጠብቅ፤ ያልሆነው እዚያው 404 ይባል። የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ ጋር በስሌት መመሳከር አለበት፤ እሱ ግን የውስጠኛው ኮድ ሥራ ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ፋይል በዓመቱ የማይነበብ ይሆናል።

አድራሻ በአማርኛ ይሁን የሚሉኝም አሉ። ፊደሉን እወዳለሁ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው፣ አድራሻ ላይ ሲቀየር ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ጅቡቲ» ብቻውን 27 ምልክት ነው። ኪውአር ኮዱ ይጠቀጠቃል፣ አቧራ የነካውን ወረቀት ስልክ አያነበውም። አማርኛው ሾፌሩ የሚያነበው ገጽ ላይ ይሁን፤ አድራሻው አጭር ይሁን።

ይህን ያህል የምደርቅበት ምክንያት የቴክኒክ ብቻ አይደለም። ቢሮአችን ውስጥ አማርኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛና ፈረንሳይኛ ይነገራል። እዚህ ስመጣ ፈረንሳይኛ አልችልም ነበር፤ ከባልደረቦቼ ጋር ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳንለዋወጥ መሥራት ጀመርን። የጋራ ቋንቋችን ያ ፋይል ነበር። አንዱ በጣቱ መስመሩን ይጠቁማል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፣ ሥራው ይቀጥላል። በሰው አገር ስትኖር የትኛው ጉዳይ ለየትኛው መስኮት እንደሚቀርብ የሚነግርህ ግልጽ ጽሑፍ ምን ያህል ክብር እንዳለው ታውቃለህ። ከእኔ በኋላ ለሚመጣ፣ ቋንቋዬን ለማይችል ሰው ያንን ክብር መስጠት የምችለው በሙያዬ ነው። ከጻፍኩት ኮድ ሁሉ የምኮራበትም ይኸው ተራ የሚመስለው ዝርዝር ነው።

ስለዚህ እናንተም አዲስ ሰው ሲቀጠር መጀመሪያ የራውት ፋይሉን አስነብቡት። አንብቦ ሲስተሙ ምን እንደሚሠራ በራሱ አፍ መናገር ካልቻለ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ፋይሉን እንደገና ጻፉት።