ሰንደቅ የሌለው ዓላማ፦ የመታሰቢያ ቀንና የቤት ባንዲራ በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን

«ሰንደቅ ዓላማ» የሚለው ስያሜ ሁለት ነገር አጣምሮ ይዟል። በተለመደው አፈታት ሰንደቁ እንጨቱ ነው፤ ዓላማው ደግሞ ጨርቁ። በየዕለቱ ንግግራችን ግን እንጨቱን ትተን ጨርቁን ብቻ ከጣልያንኛ በወሰድነው ቃል «ባንዲራ» እንለዋለን። የካቲት 12 ቀን ሰማዕታቱን ስናስብ እንኳ የገዳዮቻቸውን ቋንቋ ቃል መጠቀማችን ብዙም አይቆረቁረንም። ይህ ዳሰሳ የሚነሣው ከተዘነጋው እንጨት ነው።

ኖቬምበር ሊያልቅ ሲል በሻርጃ የአልናህዳን ወይም በአጅማን የአልኑዓይሚያን ፎቆች ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ከበረንዳ በረንዳ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን ባንዲራ ያገኛል። ቀዩ ቁመት፣ አረንጓዴው፣ ነጩ፣ ጥቁሩ ሁሉም አለ፤ ሰንደቅ ግን የለም። ጨርቁ በበረንዳው ብረት ላይ በገመድ ተወጥሯል፤ ነፋስ ካልመጣ አይንቀሳቀስም፣ ቢመጣም ከብረቱ አይለቅም። ኖቬምበር 30 ደግሞ የሰማዕታት መታሰቢያ ቀን ነው። የዚያ ቀን ሥርዓት ባንዲራን ዝቅ ማድረግን ይጠይቃል፤ ዝቅ ለማለት ግን መጀመሪያ የሚወጣበት እንጨት ያስፈልጋል። በበረንዳ የተወጠረ ጨርቅ ደስታን ወይም ታማኝነትን መናገር ይችላል። ሐዘን የሚናገርበት አካል ግን የለውም።

በአረብኛ «የውም አሸሂድ» የሚባለው ይህ ቀን የተደነገገው በኦገስት 2015 (እ.ኤ.አ.)፣ በወቅቱ ፕሬዚዳንት በሼኽ ኸሊፋ ቢን ዛይድ ውሳኔ ነው። ሳምንታት ሳይቆጠሩ፣ ሴፕቴምበር 4፣ በየመን ማሪብ ግዛት በሰፈሩ የኤምሬትስ ወታደሮች ላይ ሚሳይል ወደቀ፤ ከ50 የማያንሱ ሞቱ። ሥርዓቱ ከሐዘኑ ቀድሞ ተዘጋጅቶ የጠበቀ ያህል ሆነ። አፈጻጸሙ ሰዓት የተቆጠረለት ነው፦ ባንዲራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ዝቅ ይላል፤ 5 ሰዓት ከ30 ላይ የአንድ ደቂቃ የዝምታ ጸሎት ይደረጋል፤ 5 ሰዓት ከ31 ላይ ብሔራዊ መዝሙሩ እየተሰማ እንደገና እስከ ጫፉ ይወጣል። ሦስት ሰዓት ተኩል። ሼኽ ኸሊፋ ራሳቸው በሜይ 2022 ሲያርፉ ባንዲራው 40 ቀን ዝቅ ብሎ መሰንበቱን ለሚያስታውስ የጊዜው አጭርነት ይገርማል። እኔ እንደማነበው ግን አጭርነቱ ሐዘኑን ለማሳነስ አይደለም፤ ሐዘኑን ወደ ትንሣኤ ለማሸጋገር ነው። ቀኑ በዝቅታ እንዲያልፍ አልተፈለገም። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 2፣ የአንድነቱ በዓል አለና ባንዲራው ለዚያ ከፍ ብሎ መድረስ አለበት።

የቀኑ አመራረጥ ከዚህ የበለጠ ያስተክዛል። ኖቬምበር 30 ቀን 1971 የኢራን ጦር በታላቁ ቱንብ ደሴት ላይ ሲያርፍ ጥቂት ባልደረቦቹን ይዞ ይጠብቅ የነበረው የራስ አልኸይማ ፖሊስ ሳሊም ሱሃይል ቢን ኸሚስ ተገደለ፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሰማዕት ተብሎ የሚዘከረውም እርሱ ነው። የሚተረከው ታሪክ እምብርቱ ባንዲራ ነው፦ አውርድ ቢባል አላወርድም አለ። ታዲያ ያ ባንዲራ የቱ ነበር? ዛሬ በየበረንዳው የተሰቀለው አልነበረም። የፌዴሬሽኑ ባንዲራ በዱባይ ጁሜራ፣ በኅብረት ቤት መጀመሪያ የተሰቀለው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ራስ አልኸይማ ራሷ ፌዴሬሽኑን የተቀላቀለችው ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1972 ነው። ሳሊም የሞተለት ነጭ ዳር ያለው ቀይ ጨርቅ ነበር፤ የዚያ ጠረፍ ሼኾች ከእንግሊዞች ጋር በ1820 በፈረሙት ውል መርከቦቻቸው እንዲይዙት ከተስማሙበት ቀይና ነጭ የሚወለድ።

ይህን ታሪክ ሻርጃ ላይ ሆኖ ማሰብ ሌላ ትርጉም አለው። ሻርጃና ራስ አልኸይማ በአንድ የቃሲሚ ቤተሰብ ሁለት ቅርንጫፎች የሚገዙ ናቸው፤ የባንዲራቸው ንድፍም አንድ ነው። በዚያው በኖቬምበር 1971 ሻርጃ ስለ አቡ ሙሳ ደሴት ከኢራን ጋር የተስማማችበት ሰነድ ስለ መሬትና ስለ ነዳጅ ብቻ አያወራም፤ በሻርጃ ፖሊስ ጣቢያ ላይ የሻርጃ ባንዲራ እንደተሰቀለ እንዲቆይ በግልጽ ይደነግጋል። በአንዱ ደሴት ባንዲራ በውል ተረፈ፣ በሌላው ሰው ሞተበት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ የሻርጃው ገዥ ሼኽ ሱልጣን ቢን ሙሐመድ አልቃሲሚ የኤምሬቱን ባንዲራ በፌዴሬሽኑ እንዲተካ አደረጉ። ዛሬ በሻርጃ ሐይቅ ዳር፣ በባንዲራ ደሴት፣ 123 ሜትር በሚረዝመው ሰንደቅ ላይ የሚውለበለበው የፌዴሬሽኑ ነው። የመታሰቢያው ቀን ይህን ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሰፋዋል፤ በአንድ ኤምሬት ባንዲራ ሥር የወደቀ ፖሊስ፣ ያልነበረ አገር የመጀመሪያ ሰማዕት ይሆናል። ይህን ማጭበርበር ነው የሚል ካለ የአገሮችን ሁሉ የመታሰቢያ መዝገብ መዝጋት ይኖርበታል።

ወደ ቤቱ እንመለስ። የቤት ባንዲራ በኤምሬትስ የመታሰቢያው ቀን ልጅ አይደለም። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዱባዩ ገዥ በሼኽ ሙሐመድ ቢን ራሺድ ጥሪ ኖቬምበር 3 የባንዲራ ቀን ሆኖ ይከበራል፤ መሥሪያ ቤቱም ትምህርት ቤቱም በተመሳሳይ ሰዓት ይሰቅላል፣ ቤተሰቡም ይከተላል። በዚያን ዕለት የወጣው ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ዲሴምበር ይቆያል። ስለዚህ ኖቬምበር 30 ሲደርስ የቤቱ ባንዲራ ለመታሰቢያው የተሰቀለ ሳይሆን መታሰቢያው እዚያው የደረሰበት ነው። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ምሁሩ ማይክል ቢሊግ በ1995 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናቱ የሚውለበለበውን ባንዲራ፣ ማንም ልብ ሳይለው ከሚንጠለጠለው ለይቶ የዕለት ተዕለት ብሔርተኝነትን ሥራ በሁለተኛው ውስጥ አሳይቶ ነበር። የሻርጃው በረንዳ ግን ሦስተኛ ዓይነት ይመስለኛል፦ ልብ እንዲባል የተሰቀለ፣ ነገር ግን ለሐዘን ዕለት የሚለውጠው አቋም የሌለው።

በረንዳው ራሱ ቁጥጥር ያለበት ቦታ ነው። የዱባይ ማዘጋጃ ቤት ከመንገድ የሚታይ ልብስ በበረንዳ እንዳይሰጣ ደጋግሞ ያሳስባል፤ ሸሚዝ የማይሰጣበት ብረት ላይ ባንዲራ ይፈቀዳል፣ ይወደሳልም። የተቀደደ ወይም የነተበ እንዳይሆን ግን መጠንቀቅ ያሻል፤ በአገሪቱ ሕግ ባንዲራን ማዋረድ በእስር ያስቀጣል። ሰንደቅ ያለው ቤት ቪላ ነው፤ ቪላው ደግሞ በብዛት የዜጋው። ከአገሪቱ ነዋሪ ከአሥር ዘጠኙ ያህል የውጭ ዜጋ በሆነበት ቦታ ባንዲራን በቤት ደረጃ ዝቅ አድርጎ ማዘን የሚችለው ግቢና ሰንደቅ ያለው ጥቂቱ ነው። ለፎቅ ተከራዩ የቀረው የደስታው ግማሽ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጥናቶች የማያነሡት አንድ ነገር አለ። ገመዱን የሚስበው ማነው? በሕንፃው በር ያለውን ሰንደቅ የሚንከባከበው ብዙ ጊዜ ናጡሩ፣ ማለትም ዘበኛው፣ ነው፤ እርሱም ከደቡብ እስያ የመጣ። በቪላው ውስጥ ጨርቁን የምታጥበው፣ የምትተኩሰው፣ አጣጥፋ የምታስቀምጠው የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የእኛ ልጆች ናቸው። የሰማዕታቱን ክብር የሚሸከመው ጨርቅ ከቁም ሣጥን እስከ ሰንደቅ የሚጓዘው ዜጋ ባልሆነ እጅ ነው። አቡ ዳቢ ባለው የክብር ሜዳ፣ በዋሃት አልከራማ፣ እርስ በርስ የተደጋገፉ 31 ሰሌዳዎች ቆመዋል፤ የሰማዕታቱም ስም በየግሉ ተቀርጿል። የገመዱ ሳቢ ስም እዚያ ሊኖር አይጠበቅም። ሥርዓቱ ግን ያለ እርሱ አይጀመርም።

ታዲያ ከእነዚህ መካከል ያሉት ኢትዮጵያውያን የራሳቸው መታሰቢያ ቀን ሲደርስ ምን ይሰቅላሉ? ኖቬምበር 30 በአብዛኛው ዓመት ኅዳር 21፣ ኅዳር ጽዮን ነው። ለአንዳንዱ ኢትዮጵያዊ የንግሥ ቀን ብቻ ነው። ለሌላው ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቀኑ ሐዘን ለብሷል፤ በበዓሉ ዋዜማ ቀናት የኤርትራ ወታደሮች በአክሱም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎችን መግደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2013 ባወጣው ሪፖርት አስፍሯል። ከዚያ በፊት ባለው ወር ደግሞ ጥቅምት 24 በመከላከያ ሠራዊቱ ሰሜን ዕዝ ላይ የተፈጸመው ጥቃት የሚታሰብበት ነው። አንድ አጅማን ውስጥ ባለ አፓርታማ ክፍል ለክፍል የተከራዩ ኢትዮጵያውያን የሚያለቅሱለት ሙት አንድ ላይሆን ይችላል፤ የሚያለቅሱበት ባንዲራም እንዲሁ። አንዱ ልሙጡን ይላል፣ ሌላው ኮከብ ያለበትን፣ ሦስተኛው የክልሉን። በ1988 ዓ.ም. የገባውና በአዋጅ ቁጥር 654/2001 የጸናው አርማ፣ አገር ቤት የሕግ ጉዳይ ነው። በዱባይ ዴይራ ባለ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ግን ማን ምሳ እንደሚበላ የሚወስን ጉዳይ ነው። ብዙ ባለቤቶች ከሁለቱም ሸሽተው የላሊበላን ሥዕል ቢሰቅሉ አይፈረድባቸውም።

የኢትዮጵያ መንግሥትም ቢሆን ለቤት ባንዲራ ቃል የለውም። በሐምሌ 2016 በጎፋ የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ሰንደቅ ዓላማው በመላ አገሪቱ፣ በመርከቦች፣ በኤምባሲዎችና በቆንስላ ጽሕፈት ቤቶች ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ ተወሰነ። ጀበል አሊ ወደብ የምትቆም መርከብ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አለች፤ ዱባይ ያለው ቆንስላ ጄኔራልም አለ። በፎቁ ላይ የተከራየች ኢትዮጵያዊት ሴት ክፍል ግን የለችበትም። በሚያዝያ 2007 በሊቢያ አይ ኤስ የገደላቸው ወገኖቻችን ሐዘን በምክር ቤት ሲታወጅም ነገሩ እንዲሁ ነበር፤ ባንዲራው ዝቅ ያለው ለስደተኞች ነበር፣ ስደተኛው ግን የሚያወርደው አልነበረውም።

ነገር ግን ሐዘንን በጨርቅ መናገር ለዚያች ሴት አዲስ አይደለም። አገሯ ቤት ሐዘን የገባበት ደጃፍ በድንኳን ይታወቃል፤ ሰዉ ደግሞ በነጠላው። በደህናው ጊዜ ጥለቱ ወደ ታች የሚወርደው ነጠላ ለሐዘን ሲለበስ ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ይወጣና አንገትና ትከሻ ላይ ያርፋል። የካቲት 23 ለዓድዋ በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥለት የሚሸመን ነጠላ አለ፤ ከዚያ በ11 ቀን ቀድሞ የካቲት 12 አለ። ያው አንድ ነጠላ በአንዱ ቀን ጥለቱ ወደ ታች፣ በሌላው ወደ ላይ ሊለበስ ይችላል። ሰንደቅ አያስፈልገውም፣ የሕንፃ ባለቤት ፈቃድ አይጠይቅም፣ አርማ ይኑረው አይኑረው ብሎ የሚከራከርበት የለም። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን በሚቀመጥበት በየካቲት 12 ጠዋት፣ ሻርጃ ላይ ሥራ የማትገባበት ቀን ከሆነ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍታ ነጠላዋን ዘቅዝቃ የምትቀመጥ ሴት ከመንገድ አትታይም። ከመንገድ የሚታየው የበረንዳዋ ብረት ነው፤ ከኖቬምበር የቀረ የገመድ ቁራጭ ታስሮበታል።