ሰሙን ሳያዩ ወርቁን

ግጥም የሚወድ የከተማችን አንባቢ የገብረ ክርስቶስ ደስታን «ሀገሬ» በቃሉ ይወጣዋል። አንድ ስንኝ ቢዛነፍ ያርማል፤ የትኛው ቃል ለምን እንደገባ ይከራከራል። የዚያኑ ሰው ሥዕሎች አይቶ እንደሆነ ቢጠየቅ ግን መልሱ ብዙውን ጊዜ «ሠዓሊም ነበር ይባላል» ከማለት አያልፍም። ከአንድ ሰው ሁለት ጥበቦች አንዱን እልፍኝ አስገብተን ሌላውን ደጅ ያስቀረነው ለምንድን ነው?

«ሥዕል የማየት ባህል ስለሌለን» የሚል መልስ ይቀርብ ይሆናል። ይህ እውነት አይደለም። የጥንቶቹ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሥሉታል፤ ክፉውን በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ግድግዳውን አይቶ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ይለያል። የዐድዋን ጦርነት የሚያሳዩ ሥዕሎችም ይህንኑ ልማድ ወርሰዋል፤ የእኛ ሰው ወደ ተመልካቹ ዞሮ በሁለት ዓይኑ ሲያይ፣ ጠላት ባብዛኛው በአንድ ዓይኑ ይታያል። ይህን ትምህርት ሕዝቡ ያገኘው ከመጽሐፍ አይደለም። አንዱን ሥዕል ከልጅነት እስከ ሽምግልና ደጋግሞ በማየት ነው።

ሙዚየም ስንገባ የጣልነው ይህንን ድግግሞሽ ነው። አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም የሚሄድ ሰው አሳቡ በ1967 ዓ.ም. በተገኘችው በድንቅነሽ ላይ ነው። እርሷን አይቶ፣ የነገሥታቱን አልባሳት አድንቆ፣ ሥዕሎቹን በመንገዱ ላይ እንዳለ አጥር ያልፋቸዋል። ተማሪዎችም በሰልፍ ገብተው በሰልፍ ይወጣሉ። «ሙዚየምማ አይቻለሁ» የሚለው አነጋገራችን ራሱ ነገሩን ይገልጸዋል። ቤተ ክርስቲያንን «አይቻለሁ፣ ይበቃኛል» የሚል አለ?

ቆም የሚለውም ቢሆን ሌላ እንቅፋት ይገጥመዋል። የመጀመሪያ ጥያቄው «ትርጉሙ ምንድን ነው?» የሚል ነው። በቅኔ ያደግን ሰዎች ስለሆንን ከሁሉ አስቀድመን ወርቁን እንሻለን። ይሁንና ቅኔ አዋቂው ወርቁን የሚያገኘው ሰሙን በእጁ እያገላበጠ መሆኑን እንዘነጋለን። የሥዕል ሰሙ ቀለሙ፣ መስመሩና ባዶ የተተወው ቦታ ነው። ይህን ሳያይ ትርጉም የሚጠይቅ ሰው ግጥሙን ሳያነብ ማብራሪያውን እንደሚሻ ሰው ነው።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ጥሩ መነሻ ነው። በእንጨት ላይ ከተሣሉት የእመቤታችን ሥዕለ አድኅኖዎች አንዱን ብቻ መርጦ፣ መግለጫውን ሳያነቡ ሩብ ሰዓት መቆም። ዓይኗ ወዴት ያያል? ስንት ቀለም አለ? ጥላ አለው? የልብሷን እጥፋት የሚሠራው ቀለም ነው ወይስ መስመር? ከዚያ ወደ ቤት መመለስ፤ በወሩ ደግሞ ያንኑ ሥዕል ማየት።

በዚህ መልክ የሠለጠነ ዓይን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል፣ ሲገባ እንግዳ አይሆንም። ገብረ ክርስቶስ በጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ከተማ ተምሮ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲመለስ፣ ረቂቅ ሥዕሎቹ «የፈረንጅ ናቸው» ተብለው ተነቅፈዋል። ነቀፌታው ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም፤ የተማረው ከአውሮጳ ዘመናውያን ነውና። ዳሩ ግን ጥላ የሌለው ደማቅ ቀለምና ለራሱ የቆመ መስመር ለሥዕለ አድኅኖ ተመልካች አዲስ ነገሮች አልነበሩም። ከልማዱ ምን እንደቀረበ፣ ከምኑ እንደራቀ መመዘን የሚችለው ሁለቱንም በእርጋታ ያየ ሰው ነው። ሳያይ የሚያደንቀውም ሳያይ ከነቀፈው አይሻልም።

ሙዚየም ውስጥ የተሰቀለ ሁሉ ድንቅ ነው ማለታችንም አይደለም። በሦስተኛው ጉብኝት የሚደበዝዝ ሥዕል አለ፤ በሦስተኛው የሚከፈትም አለ። ይህን ለመለየት የሙዚየሞቻችን ኃላፊዎች ብዙ ወጪ የማይጠይቅ እርዳታ ሊያደርጉ ይችላሉ። ከሥዕሉ ፊት መቀመጫ ማኖርና፣ በመግለጫው ላይ ከሠዓሊው ስምና ከዘመኑ ሌላ ተመልካቹን «እዚህ ጋ እይ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር ይበቃል።

ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን ሠዓሊዎችን ሲያወጣ ኖሯል። ተመልካች የሚያወጣ ትምህርት ቤት ግን ከሙዚየም በቀር የለንም። ሠዓሊ አስተውሎ የሚያየው ሰው ሲያጣ ፊቱን ወደ ገዢው ያዞራል፤ ገዢው የሚሻው ደግሞ ከሶፋው ቀለም ጋር የሚስማማውን ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ «ሥዕላችን ወደቀ» ብለን ብንወቅስ፣ ወቀሳው ከሠዓሊው አልፎ ወደ እኛ ወደ ተመልካቾቹ ይመጣል።