ያልተጻፈው ገጽ

ከአንድ የግምጃ ቤት አንባቢ

በብዙዎቻችን ቤት ልብ ወለድ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት አቀባበል ይጠብቀዋል። አባት «የውሸት ወሬ ነው፤ ከቤቴ አውጡልኝ» ይላል። ልጅ ደግሞ በፊዚክስ ደብተሩ ውስጥ ሸጉጦ ያነበዋል። አባት ያወገዘውን መጽሐፍ አላነበበውም፤ ልጅም ባነበበው ላይ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። በመካከላቸው መጽሐፉ ብቻውን አስተማሪ ሆኖ ይቀራል። ይህ አስተያየት ለሁለቱም የተጻፈ ነው። ሰሞኑን ካነበብኳቸው፣ አንዳንዶቹንም ደግሜ ካነበብኳቸው መጻሕፍት መካከል ሦስት የፍቅር ልብ ወለዶችንና ሁለት ምናባዊ ድርሰቶችን አንስቼ የተሰማኝን አካፍላለሁ።

አስቀድሞ ስለ መለኪያው። ፍቅር ራሱ ነውር አይደለም። በመዲና ሙጊስ የሚባል ሰው ነበር። ከባርነት ነፃ የወጣችው ሚስቱ በሪራ ስትለየው እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ በየመንገዱ ይከተላት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልሳቁበትም፤ እንድትመለስለትም አማለዱት። በሪራ ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቀች፤ ምልጃ ብቻ መሆኑን ሲነግሯት እንደማትፈልገው ተናገረች፤ ማንም አላስገደዳትም። በዚህ አጭር ዘገባ ውስጥ የወንድ ልብ ስብራትም የሴት ፈቃድም ተከብረዋል።

ቁርኣንም በ12ኛው ምዕራፍ፣ በሱረቱ ዩሱፍ፣ የአንዲትን ባለትዳር ሴት ምኞት አይደብቅብንም። በሮቹ ሲዘጉ፣ ቀሚሱም ከኋላ ሲቀደድ እናያለን። ትረካው ግን በተዘጋው በር ላይ አያበቃም። የከተማው ሴቶች ሐሜት፣ የንጹሑ ሰው እስር፣ የዓመታቱ ርዝመት፣ በመጨረሻም ሴትየዋ እውነቱን ማውጣቷ በተራ ይከተላል። ይህ ወሕይ ነውና ከሰው ድርሰት ጋር አናስተያየውም። አንድ ጥያቄ ግን ያስተምረናል፤ «ከዚያስ በኋላ?» የሚለውን። በእኔ አስተያየት ጥሩ ልብ ወለድ ይህን ጥያቄ የማይሸሽ ነው። መጥፎውም የሚታወቀው በጻፈው ብቻ አይደለም፤ ሳይጽፍ በተወው ገጽም ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ የጎረቤታችን ነው። ከእንጅባራ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ቲሊሊንና ቡሬን አልፈን ማንኩሳ እንደርሳለን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው ከዚያ ነው። ብዙ ሰው ታሪኩን የሚያውቀው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ሰምቶ ነው። «ስለ ምን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅም «ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር» ይላል። ደግሜ ሳነበው ግን መጽሐፉ በዋናነት የወላጆች መጽሐፍ ሆኖ ነው ያገኘሁት። በዛብህ ነፍስ ሳያውቅ ወላጆቹ ተስለውበታል፤ ሳይጠየቅ ዕድሜ ልኩን ከትዳር የሚያርቅ ዕዳ ተሸክሟል። የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ «ለአጥንታችን አይመጥንም» እያሉ ሲመልሱ የልጃቸው የመዳሪያ ዕድሜ ያልፋል። ሁለቱ ወጣቶች ሲገናኙ መንገዱ አስቀድሞ በሁለቱም በኩል ተዘግቷል። መጨረሻቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እሱ በመንገድ ላይ በወንበዴ እጅ ወድቆ ይሞታል፣ እሷ ትመነኩሳለች፣ ጉዱ ካሳም ጭምር በአንድ ቦታ ይቀበራሉ።

ይህን መጽሐፍ «ልጆች ወላጅ እንዳይሰሙ ያደርጋል» ብሎ የሚከስ ሰው ሰምቻለሁ። ለእኔ ግን ልጆችን ከሚያስተምረው ይልቅ አባቶችን የሚጠይቀው ይበልጣል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዲኑንና ጠባዩን የምንወድለት ሰው ልጃችንን ሲጠይቀን እንድንድረው፣ ይህን ባናደርግ በምድር ላይ ብልሽት እንደሚሆን አስጠንቅቀዋል። ኸንሳእ ቢንት ኺዳም የተባለችው የአንሷር ሴትም አባቷ ያለ ፈቃዷ ሲድራት ወደ እሳቸው ሄዳ አመለከተች፤ ጋብቻውን አፈረሱላት። ፊታውራሪ መሸሻ ይህን አልሰሙም እንበል። እኛስ? በዚሁ በጎጃም ሙስሊሙ እስከ 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ድረስ በአብዛኛው ርስት አልነበረውም፤ በንግድና በሽመና ነበር የሚያድረው፤ በሙያውም ይናቅ ነበር። አጥንቱ ተቆጥሮበት የኖረ ሰው ዛሬ ልጁ ስትጠየቅ ዲኑን ከመጠየቁ በፊት «የማን ዘር ነው?» ብሎ ከጀመረ፣ ፊታውራሪ መሸሻ በእሱም ቤት አሉ ማለት ነው። ይህ መጽሐፍ በቤታችን መነበብ ያለበት ለዚህ ነው፤ መጀመሪያም በአባት።

አንድ ነቀፋ ግን አለኝ። በዚህ ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ በትዳር ውስጥ ሲኖር የምናየው ሰላማዊ ፍቅር የበዛብህ ወላጆች፣ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ፍቅር ነው። አንባቢ ይህን ቶሎ ይረሳዋል። የሚያስለቅሰን ያልተጋቡት ሰዎች ሞት ነው። ስለዚህ ወጣቱ አንባቢ መጽሐፉን ሲዘጋ «እውነተኛ ፍቅር ማለት የማይሳካ ፍቅር ነው» ብሎ ሊያድር ይችላል። በዛብህና ሰብለ ተጋብተው ቢሆን፣ ሽሮው ሲያልቅ፣ ሕፃኑ ሌሊቱን ሲያለቅስ፣ ምን ይነጋገሩ ነበር? ያ ገጽ አልተጻፈም።

ሁለተኛው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። በዚህ የተነሣ ስለ መጽሐፉ ስናወራ የምናወራው ስለ ፖለቲካው ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ጦርነትን በመግለጫ ማሸነፍ እንደማይቻል በዚያ ዘመን በድፍረት የጻፈ ሰው ነውና። በፍቅሩ በኩል ግን የምለው አለኝ። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አሥመራ ሲሄድ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቷታል። አሥመራ ላይ ፊያሜታን ይወዳል። ደራሲው ፊያሜታን በሙሉ ችሎታው ስሏታል፤ አሟሟቷም ልብ ይሰብራል። አንባቢው ሁሉ ለእሷ ያለቅሳል። ለሮማን ማን አለቀሰ? ቃል የተገባላት ሴት ከታሪኩ ጠርዝ ላይ ቆማ ትቀራለች። በሚያምር ብዕር የተጻፈ ክህደት ክህደትነቱ አይታየንም። ልጆቻችን ይህን መጽሐፍ ሲያነቡ «በሮማን ቦታ ብትሆኑስ?» ብለን ብንጠይቃቸው የመጽሐፉ ጥበብ አይጎድልም፤ የእነሱ ማስተዋል ግን ይጨምራል።

ሦስተኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመችውን ልብ ወለድ ነቢይ መኰንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ተርጉሞታል። በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ የሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ነበር የጻፈው። እንደዚህ ያለ ትዕግሥት ለመጽሐፍ የከፈለ ሰው ክብር ይገባዋል። ታሪኩም ከሌሎቹ የሚለየው ከሠርግ በኋላ ያለውን ስለሚጽፍ ነው። ስካርሌት ሦስት ጊዜ ታገባለች፤ ከሦስተኛው ባሏ ከሬት በትለር ጋር ኩራት ለኩራት ሲጋፉ፣ ልጃቸው ስትሞት፣ ቤታቸው ሲፈርስ እናያለን። ባልየው የለመናትን ፍቅር እሷ የተረዳችው እሱ ከሰለቸው በኋላ ነው። ባልና ሚስት አብረው ቢያነቡት ከብዙ ምክር ይሻላል።

ይሁን እንጂ ይህም መጽሐፍ የዘለለው ገጽ አለው። ያ ሁሉ የሐር ልብስ፣ ያ ሁሉ ግብዣ በባሮች ጉልበት የቆመ ነው። ባሮቹ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ጌቶቻቸውን የሚወዱና በዕጣቸው የረኩ መስለው ነው የተሳሉት። ደራሲዋ የጌቶቹን ዓለም መጥፋት ታዝናለታለች። እኛ የቢላል ወገኖች ነን። በመካ ግለት በደረቱ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት «አሐድ» ያለው ሐበሻዊ ባሪያ በጌታው በኡመያ ቤት ደስተኛ ነበር ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢመጣ ምን እንለዋለን? የፍቅር ታሪክ ጣፋጭነት የሌላውን ሰው እንባ እንዳይሸፍንብን መጠንቀቅ አለብን። ለታዳጊ ልጅ ይህን መጽሐፍ ከመስጠታችን በፊት ስለ ባርነት ጥቂት ብንነግረው ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ምናባዊዎቹ ልለፍ። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ መጽሐፍ ነክቶ የማያውቅ ወጣት ሁሉ ሲያነብ ታይቷል። የጣናን ገዳማት፣ የስለላ ድርጅቶችንና የጠፈር ሳይንስን በአንድ ገመድ አስሮ ስለሚተርክ ያስጨንቃል፣ ያስሮጣል። በውጭ አገር ያለው የተማረ ኢትዮጵያዊ ለአገሩ ቢሠራ የሚለው ምኞቱ የሁላችንም ምኞት ነው። ወጣቱን ማስነበቡም ትልቅ ውለታ ነው። የምነቅፈው አንድ ነገር ነው። በዚህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ ዕውቀት እንደ ተቀበረ ወርቅ ነው፤ ምሥጢሩን ያገኘ ይከብራል። አሥር ጊዜ ተሞክሮ የከሸፈው ሙከራ፣ ሌሊቱን ሙሉ የተሠራው ሒሳብ፣ የተማሪው ራብ ገጽ አያገኝም። ስለዚህ አንባቢው ወጣት «ቀደምቶቻችን ሁሉን ያውቁ ነበር» ብሎ ይኮራል እንጂ ነገ ጠዋት ምን እንደሚያጠና አያውቅም።

ከዚህ ጋር አብሬ ያነበብኩት ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ምናባዊ ድርሰት ነው፤ የአንደሉሱ ሐኪምና ፈላስፋ ኢብን ጡፈይል የጻፈው «ሐይ ኢብን የቅዛን»። ኢብን ጡፈይል በማራከሽ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1185 ነው። ድርሰቱ እ.ኤ.አ. በ1671 በላቲን ከታተመ በኋላ በአውሮፓም ብዙ አንባቢ አግኝቷል። ሰው በሌለበት ደሴት ላይ አንድ ሕፃን በሚዳቋ ጡት ያድጋል። ይህ በቂ ተአምር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ተአምር አይረዳውም። አሳዳጊው ሚዳቋ ስትሞትበት ምን ከውስጧ እንደወጣ ለማወቅ ደረቷን ከፍቶ ልቧን ይመረምራል። እሳትን፣ እንስሳትን፣ ከዋክብትን እያስተዋለ፣ ሰባት ሰባት ዓመት እየቆጠረ ከፍ ይላል፤ በመጨረሻም ለዚህ ሁሉ ፈጣሪ እንዳለው ይደርስበታል። ፍልስፍናው ላይ ዑለማዎች ብዙ የተባባሉበት ነው፤ ሁሉንም እንቀበል አልልም። የአተራረኩን መንገድ ግን እመርጣለሁ፤ የልፋቱ ገጽ ተጽፏልና። እኛ አገውኛና አማርኛ በአንድ ምድጃ ዙሪያ በሚነገርበት አገር የምንኖር ሰዎች ተረት አላጣንም። እንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጉድጓድ መሆኑን የሰማ ልጅ ከማንኛውም ልብ ወለድ የበለጠ ይደነቃል። ጥሩ ምናባዊ ድርሰት ልጁን ወደዚህ መደነቅ የሚመልስ ነው።

የፍቅሩን ነገር ሳልቋጭ አልተውም። ሐዲስ ዓለማየሁ «እስከ መቃብር» ብለው ሰይመዋል። በእኛ ታሪክ ከመቃብር ያለፈ አለ። እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ነጋዴ ሴት ነበረች፤ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) ለንግዷ ቀጥራ፣ ታማኝነቱን አይታ፣ ጋብቻውን የጠየቀችው እሷ ናት። ሃያ አምስት ዓመት ያህል አብረው ኖሩ። የመጀመሪያው ወሕይ ሲያንቀጠቅጣቸው ያጽናናቻቸው እሷ ናት፤ በማዕቀቡ ዘመንም አብራ ተርባለች። ከሞተች በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በግ ሲያርዱ ከሥጋው ለኸዲጃ ጓደኞች ይልኩ ነበር። እመት ዓኢሻ (ረ.ዐ) አይታት በማታውቀው በዚያች ሴት ትቀና እንደነበር ራሷ ተናግራለች። ይህ ፍቅር በኒካሕ የተጀመረ እንጂ በኒካሕ ያለቀ አይደለም።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ፍቅር በአማርኛ ልብ ወለድ ለምን እምብዛም አናነበውም? የሙስሊም ቤተሰብ ሕይወትስ በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ለምን በሩቁ ብቻ ይታያል? መልሱ ከፊሉ እኛው ጋ ነው። ልብ ወለድን ከቤት ያስወጣ ወገን ደራሲ አያፈራም። በግምጃ ቤት ገበያ መኪናውን ሲያንኳኳ የሚውል ልብስ ሰፊና ዱቤ የምትሸጥ ሚስቱ፣ ለዒድ የልጆች ልብስ ጎድሎባቸው ሲመካከሩ፣ ተቆጥተው ሲታረቁ፣ የተረሳውን መህር ሃያ ዓመት ቆይቶ ሲከፍላት ቢጻፍ፣ ያ የፍቅር ልብ ወለድ አይደለም የሚል ማን ነው?

ስለዚህ ወላጆችን የምለምነው ልጃችሁ የደበቀውን መጽሐፍ አንሥታችሁ መጀመሪያ አንብቡት። ብልግና ብቻ ከሆነ ምክንያቱን ነግራችሁ መልሱት። ከዚያ ያለፈ ከሆነ ግን ከእራት በኋላ ተቀምጣችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፤ በዚህ ታሪክ የተበደለው ማን ነው? ደራሲው ያልጻፈው ገጽ የትኛው ነው? አንተ ብትጽፈው ምን ትላለህ? ሦስተኛውን ጥያቄ በቅን ልብ ከመለሰ ልጅ ነገ ደራሲ ይወጣ ይሆናል። አላህ ብዕራቸው እውነትን የሚጽፍ፣ ትዳራቸውም የሚጻፍ ልጆች ይስጠን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።