«ታከመች» ማለት «ዳነች» ማለት ነውን?

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የማሕፀን በር ካንሰርን ለማጥፋት ሦስት ግቦች ያሉት ዕቅድ አውጥቷል። ይኸውም እስከ 2030 ድረስ ከመቶ ልጃገረዶች 90ዎቹ 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዲከተቡ፤ ከመቶ ሴቶች 70ዎቹ እስከ 35 ዓመታቸው፥ ሁለተኛም እስከ 45 ዓመታቸው በአስተማማኝ ዘዴ እንዲመረመሩ፤ በሽታው ከተገኘባቸውም ከመቶ 90ዎቹ እንዲታከሙ የሚል ነው። ዕቅዱ የሚመሰገን ነው፤ ቁጥር የሌለው ተስፋ ማንንም አይጠይቅምና። እኛ የምንነቅፈው ሦስተኛውን ቁጥር ነው። የታከመችውን ሴት ይቆጥራል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደ ደረሰባት ግን አይጠይቅም።

የሕክምና ትምህርት ላልተማረ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ለማስረዳት፥ ቅድመ ካንሰር የሚባለው ሂዩማን ፓፒሎማ በተባለው ቫይረስ ምክንያት በማሕፀን በር ሕዋሳት ላይ የሚደርስ ለውጥ ነው። ገና ካንሰር አይደለም፤ ሳይታከም ብዙ ዓመት ቢቆይ ግን ወደዚያው ሊሄድ ይችላል። ሐኪሙ የተለወጠውን ሥፍራ በብርድ ያቃጥለዋል፥ ወይም በኤሌክትሪክ በጋለ ቀጭን ሽቦ ቆርጦ ያወጣዋል። ሕክምናው የሚያጠፋው ቁስሉን እንጂ ራሱን ቫይረሱን አይደለም። በአብዛኞቹ ሴቶች ቫይረሱም አብሮ ይጠፋል፤ በአንዳንዶቹ ግን ይቀራል፤ ለውጡም እንደ ገና ይነሣል። «ተመለሰ» ይባላል እንጂ፥ አንዳንዱ ከመጀመሪያውም ተሟልቶ ያልወጣ ነው።

በ2017 የታተመ፥ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ባንድነት የመዘነ ጽሑፍ እንደሚያሳየው፥ ተቆርጦ ከወጣው ሥጋ ከመቶው በ23 ያህሉ ላይ ለውጡ እስከ ጠርዙ ደርሶ ተገኝቷል፤ ከታከሙትም ከመቶ ወደ 7 በሚጠጉት ላይ ቀርቶ ወይም ተመልሶ ታይቷል። ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረው ሌላው ውጤት ነው። ለውጡ ከሚገኝባቸው ከመቶ ሴቶች መካከል የጠርዙ ምርመራ 56 ያህሉን ብቻ ሲያመለክት፥ ከሕክምና በኋላ የሚደረገው የቫይረስ ምርመራ 91ዱን ያመለክታል። በስዊድን አገር ደግሞ ከ1958 እስከ 2002 ለከባዱ ቅድመ ካንሰር የታከሙ ከ130 ሺህ በላይ ሴቶች ታሪክ ተመርምሮ፥ በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ሴቶች ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ከ25 ዓመት በኋላ እንኳ አልጠፋም። የአሜሪካ ሐኪሞች በ2019 መመሪያቸው ክትትሉ ቢያንስ 25 ዓመት ይቀጥል ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ሕክምናው አይረባም ማለታችን አይደለም፤ ብዙዎቹ በእርሱ ድነዋል።

ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለባቸው ሴቶች ነገሩ ይብሳል። ናይሮቢ ላይ በ400 እንዲህ ባሉ ሴቶች ተደርጎ በ2019 በታተመ ጥናት፥ በሁለት ዓመት ውስጥ በብርድ ከታከሙት ከመቶ 30 ያህሉ፥ በሽቦ ከታከሙት ደግሞ 19 ያህሉ ለውጡ ተመልሶባቸዋል። በአገራችን ለብዙ ጊዜ የተስፋፋው የብርዱ መሣሪያ ነው፤ ዋጋው ይቀላል፥ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፥ ነርስም ልትሠራበት ትችላለች። ምርጫው የድኽነት ምርጫ ስለ ሆነ አንነቅፈውም፤ ነገር ግን ርካሹን ሕክምና የመረጠ ሰው ክትትሉን ማጥበቅ ነበረበት።

የዕቅዱ ተቃርኖ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። መርምሮ በዚያው ቀን ማከም የተመረጠው፥ ከሩቅ ገጠር የመጣች ሴት ሁለተኛ ቀጠሮ ቢሰጣት ላትመለስ ትችላለች ተብሎ ነው። ድርጅቱ ራሱ በ2021 ባወጣው መመሪያ ግን የታከመች ሴት ሁሉ በ12ኛው ወር፥ በተቻለ መጠን በቫይረስ ምርመራ፥ እንደ ገና ትታይ ይላል፤ ኤች አይ ቪ ያለባት ደግሞ ነጻ ብትባልም ከሌላ 12 ወር በኋላ ትደገም ይላል። አትመለስም የተባለችው ሴት ተመለሺ ተባለች! የመሳፈሪያዋ ገንዘብ ከማን ኪስ ይወጣል? ብትቀርስ ማን ያስታውሳታል? ብትመጣም እንኳ የቫይረሱ ምርመራ በሌለበት ጣቢያ የሚጠብቃት አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን ማየት ነው። ከሕክምና በኋላ ግን መታየት ያለበት የሕዋሶቹ ወሰን ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ፥ ዓይን የሚያየው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ሦስተኛው ቁጥር ለሁለት ይከፈል እንላለን፤ አንዱ ከመቶ ስንቶቹ እንደ ታከሙ፥ ሁለተኛው ከታከሙት ስንቶቹ በ12ኛው ወር ተመርምረው ነጻ እንደ ተገኙ የሚናገር። ሁለተኛው ቁጥር በመጀመሪያው ዓመት የሚያሳፍር ሊሆን ይችላል። ለመጀመር የሚያስፈልገው በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ለቀጠሮው ቀን አንድ ዓምድ መጨመር፥ የቀረችውንም ሴት ስም በምሥጢር ጠብቃ እቤቷ ድረስ ሄዳ የምትጠራት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መመደብ ነው።