የጃፓንኛ ንግግር መዝጊያዎች በተማሪ አፍ

በጃፓንኛ ሹጆሺ የሚባሉት ቃላት ዐረፍተ ነገሩ ካለቀ በኋላ ጫፉ ላይ ይለጠፋሉ። ኔ፣ ዮ፣ ዮኔ፣ ካ፣ ዞ እና ዋ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ኔ ወይም ዮ ቢቀር ፍሬ ነገሩ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ነገሩን ማን እንደሚያውቀው የሚጠቁመው ምልክት ነው። የሥነ ልሳን ምሁሩ አኪዮ ካሚዮ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን በ«መረጃ ክልል» አስረድተውታል፤ አንድ ወሬ በተናጋሪው፣ በሰሚው ወይም በሁለቱም ክልል ይወድቃል።

ሁለት ሰዎች ብርድ ላይ ቆመው አንዱ «ኪዮ ዋ ሳሙይ ዴስ ኔ» (ዛሬ ይበርዳል) ቢል ብርዱ የጋራ ነውና ሌላው «ሶ ዴስ ኔ» ይላል። መሐረብ ጥሎ ለሚሄድ መንገደኛ ግን «ሀንካቺ ኦቺማሽታ ዮ» ይባላል፤ ዮ ከሌለበት ባለቤቱን ሳይጠራ የመሐረቡን መውደቅ ብቻ የሚዘግብ ይመስላል። ለአማርኛ ተናጋሪ «አይደል» ለኔ፣ «እኮ» ለዮ ይቀርባሉ። ሆኖም «እኮ» ሰሚው የዘነጋውን ለማስታወስም ስለሚውል፣ ዮን በእሱ ብቻ የተካ ተማሪ ቶሎ ይሳሳታል።

ስሕተቱ ጎልቶ የሚታየው በመልስ ላይ ነው። አስተማሪዋ «ኪኖ ኪዮቶ ኒ ኢኪማሽታ» (ትናንት ኪዮቶ ሄጄ ነበር) ስትል ተማሪው በትሕትና «ሶ ዴስ ኔ» ይላታል። ሰዋስዉ ምንም አልጎደለውም፤ ግን መሄዷን አስቀድሞ ያውቅ የነበረ ያስመስለዋል። የሚፈለገው ድምፁ ዝቅ ብሎ የሚያልቅ «ሶ ዴስ ካ» ነበር። ስለ ራስ ሲነገርም እንዲሁ ነው፤ ሥራው ምን እንደሆነ የተጠየቀ ሰው «ጋክሴይ ዴስ ኔ» (ተማሪ ነኝ) ቢል፣ ስለ ገዛ ራሱ ሰሚውን ያማከረ ይመስላል። ሰዓት ተጠይቆ የእጅ ሰዓቱን እያየ «ሳንጂ ዴስ ኔ» ቢል ግን ያምራል፤ ያኔ ለራሱም እያረጋገጠ ነውና።

ዮ ደግሞ በዜማው ይለያያል። ከፍ ሲል ያሳውቃል፣ ዝቅ ሲል ይወቅሳል። «ዋካቴማስ ዮ» በወረደ ድምፅ ከተባለ «አውቄዋለሁ፣ አትነዝንዘኝ» ከማለት አይርቅም፤ ለአስተማሪ ወይም ለአለቃ ሲደርስ ይከብዳል። ዮኔ ተናጋሪው የሚያውቀውን ነገር ሰሚውም እንዲያጸናለት ይጠይቃል፤ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፣ «ኔዮ» የሚባል የለም። ዞ ከካርቱን ፊልም የሚለቀም የወንድ ጓደኛሞች ቃል ስለሆነ ክፍል ውስጥ ያስቃል። ዋም እንደ አገሩ ነው፤ በቶኪዮ ከፍ ብሎ ሲያልቅ የሴት አነጋገር ሲባል፣ በካንሳይ ዝቅ ብሎ ወንዱም ይለዋል።

ጃፓናውያን አነጋጋሪዎች እነዚህን ስሕተቶች እምብዛም አያርሙም፤ መልእክቱ ገብቷቸዋል፣ ማረምም ይሉኝታ አለው። ስለዚህ ተማሪው ለዓመታት ሳይነገረው ሊቀጥል ይችላል። ነጠላ ዐረፍተ ነገር ላይ ባዶ ቦታ የሚያስሞላ መልመጃም ብዙ አይረዳም፤ ኔ ትክክል መሆን አለመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከፊቱ ሌላ ሰው በተናገረው ነው። የሚሻለው አስተማሪው ንግግሩን ከፍቶ ተማሪው መልሱን ብቻ እንዲሰጥ ማድረግ ነው፤ አንዴ የጋራ ነገር፣ አንዴ አዲስ ወሬ፣ አንዴ ስለ ተማሪው የተባለ ግምት። መልሱ በድምፅ ተቀድቶ ቢደመጥ ይበልጥ ይጠቅማል፤ የወረደውን ዮ ከወጣው የሚለየው ጆሮ ነውና።